ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት፣ ወደ 11 መሻገር ወይስ ሊኑክስ ሚንት? ያገለገለ ላፕቶፕና ውስን ኢንተርኔት ላለው ተጠቃሚ የንጽጽር መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ድጋፍ ተቋረጠ ማለት ኮምፒውተሩ በማግስቱ አልነሣም ይላል ማለት አይደለም፤ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ በመደበኛው መንገድ የሚደፈንለት የለም። ጉዳዩ በአገራችን ብዙ ሰው የሚነካው፣ ገበያ ላይ የሚገኙት ላፕቶፖች በአመዛኙ በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የመጡ ስለሆኑና ከእነዚህም ብዙዎቹን ዊንዶውስ 11 በይፋ ስለማይቀበላቸው ነው። እንግዲህ የእነዚህ ላፕቶፖች ባለቤት ከሦስት መንገዶች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ባለበት መቆየት፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ወይም እንደ ሊኑክስ ሚንት ወዳለ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መዞር።

በዚህ ርእስ ላይ በውጭ ቋንቋዎች የተጻፉ መመሪያዎች ሞልተዋል። አብዛኞቹ ግን ኢንተርኔት ቀኑን ሙሉ እንደሚኖር፣ መብራት እንደማይጠፋና የሶፍትዌር ክፍያ በዶላር ካርድ ወዲያው እንደሚፈጸም ቆጥረው የሚነሡ ናቸው። እኔ ግን እዚህ አገር የትኛው ሲስተም ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ቤት ውስጥ የገባው መስመር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ስንተኛ ትውልድ እንደሆነና ባለቤቱ ከማን ጋር ፋይል እንደሚለዋወጥ ከታወቀ በኋላ ነው ባይ ነኝ። የሚንት ወዳጅ መሆኔን አልደብቅም፤ ቢሆንም ለሁሉም ሰው አልመክረውም፣ ምክንያቱም ከታች እንደሚታየው ለአንዳንድ ሙያ ሚንት ጨርሶ አያዋጣም።

ከሲስተሙ በፊት መስመሩ

የቤት ኢንተርኔት በሁለት ዓይነት ሂሳብ ይገዛል። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤልም ሆነ በፋይበር የሚመጣው መስመር በየወሩ የሚከፈልበት በፍጥነቱ ልክ ነው፤ የሞባይል ዳታ ደግሞ በአመዛኙ በጊጋ ይገዛል። በመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ ቢያድር ወጪው ያው ነው። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ ሳያውቅ የወረደ አንድ አፕዴት የሳምንቱን ፓኬጅ ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። ሲስተም በሚመረጥበት ጊዜ ይህ ልዩነት ከመልክና ከፍጥነት በፊት መታየት አለበት።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት ሌላም ነገር አለ። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋ ቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋ የሚባለው መስመር ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ እንኳ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ብቻ ያወርዳል፣ አንድ ጊጋ የሚመዝን ፋይልም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ በዚህ መስመር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋው የሊኑክስ ሚንት መጫኛ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ከግማሽ ብዙም አያልፍም። መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ ሚንትን በቶረንት ማውረድ ይሻላል፣ ምክንያቱም ከቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዱንም ቁራጭ እየመረመረ ነው የሚቀበለው።

ኤዲኤስኤልና ፋይበር ሲነጻጸሩ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። በመዳብ ሽቦ የሚሄደው ምልክት ከማሰራጫው በራቀ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች እኩል ከፍለው እኩል ላያገኙ ይችላሉ። ፋይበር በከተማ ውስጥ ባለው ርቀት ይህ ችግር የለበትም፤ ሕንጻው ድረስ ከደረሰ ያንን መውሰድ ነው። ሁለቱም ግን መብራት ሲጠፋ ከራውተሩ ጋር አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ መፍትሔው ጄኔሬተር ሳይሆን ለራውተር ተብሎ የተሠራች ትንሽ ባትሪ ናት፤ ስትገዛ የምትሰጠው ቮልትና አምፔር ራውተሩ በመጣበት አዳፕተር ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ራውተሮች 12 ቮልት ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም፤ ያልገጠመ ቮልት ደግሞ ራውተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

የሞባይል ዳታን በተመለከተ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተጠቃሚው ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለው። ከሁለቱ የቱ ይፈጥናል ለሚለው ጥያቄ ለከተማው ሁሉ የሚሠራ መልስ የለም፤ መልሱ እንደ ሰፈሩ ነው፣ እንዲያውም እንደ ክፍሉ። የሁለቱንም ሲም ይዘው የአንድ ቀን ፓኬጅ ይግዙና ዘወትር በሚቀመጡበት ቦታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ይሞክሩ። ጠዋት የሚደረግ ሙከራ አየሩ ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ ሁለቱንም ያስመሰግናል። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም መለኪያው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ቅርብ ያለ ሰርቨር ነው፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የውጭው መረጃ የሚገባው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል በሚያልፉ የየብስ መስመሮች ስለሆነ፣ ከውጭ ሰርቨር አንድ ትክክለኛ ፋይል አውርዶ ሰዓት መያዝ የበለጠ ይናገራል።

የፕሮሰሰሩ ትውልድ

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከላከለውን ዘዴ) የሚያውቅ ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) እና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ነው። በተግባር ብዙዎቹን ላፕቶፖች የሚጥላቸው ግን የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ነው፤ ማይክሮሶፍት ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ትውልዱ ከስሙ ይነበባል። ኮር አይ 5 ተብሎ ከሰረዙ ቀጥሎ 6300 ከተጻፈ 6ኛ፣ 7200 ከሆነ 7ኛ፣ 8350 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ነው። መገናኛ አካባቢ ካሉት የላፕቶፕ መሸጫዎች ጎራ ያለ ሰው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 3፣ ጂ 4 እና ጂ 5 ጎን ለጎን ተደርድረው ሊያገኝ ይችላል፤ ሦስቱም ከሩቅ የሚመሳሰሉ ቢሆኑም ጂ 3 ባለ 6ኛ፣ ጂ 4 ባለ 7ኛ፣ ጂ 5 ደግሞ በአመዛኙ ባለ 8ኛ ትውልድ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 እና ዴል ላቲቲዩድ 7490 ከጂ 5 ጋር ይመደባሉ።

በጂ 4 እና በጂ 5 መካከል ያለው ልዩነት የማይክሮሶፍት ክልከላ ብቻ አይደለም። በዚህ ክፍል የሚገኙት የ7ኛው ትውልድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ባለ ሁለት ኮር ሲሆኑ፣ 8ኛው ትውልድ ላይ ኢንቴል ኮር አይ 5 እና አይ 7ን ወደ አራት ኮር አሳድጓቸዋል። ዋጋቸው ሲቀራረብ ጂ 5ን ትቶ ጂ 4 መግዛት ምክንያት የለውም። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጂ 4ን ገዝቶ ሚንት መጫን፣ የተረፈውን ብር ራም ላይ ማዋል ያስኬዳል።

መሥፈርቱን አልፎ ዊንዶውስ 11ን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ በግድ መጫን እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ መንገዱም ከባድ አይደለም። እኔ ግን ለሥራ ኮምፒውተር አልመክረውም። በየዓመቱ የሚወጣውን ትልቁን እትም እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በራሱ አይቀበልም፤ እንደገና በእጅ መጫን ይጠይቃል፣ ያም ማለት እንደገና 5 ጊጋ ማውረድ ነው። ማይክሮሶፍትም እንዲህ ላሉ ኮምፒውተሮች አፕዴት ለመስጠት ቃል እንዳልገባ በግልጽ ተናግሯል።

ሦስቱ መንገዶች በቅርብ ሲታዩ

ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ለሚሻ ሰው ማይክሮሶፍት የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ሲሆን፣ 30 ዶላር በመክፈል ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ከደመና ማከማቻው ጋር በማስተሳሰር የሚገኝ ነው። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ 30 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ የሚከፈልበትን ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ የአካውንቱ መንገድ ይሻላል። ያም ቢሆን ጊዜ መግዣ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን እየጨረሰ ላለ ተማሪ ወይም የዓመቱን ሂሳብ ለመዝጋት ለሚጣደፍ ሰው በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ግን ነገ የሚያደርገውን ዛሬ ቢያደርገው ይበጀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከገበያ የሚገዛ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ የሚገኘው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ በሚከፍት ፕሮግራም፣ የተከፈተ ነው። ክራክ ማድረጊያው ፕሮግራም ሥራውን የሚጀምረው ጸረ ቫይረሱን አጥፉልኝ በማለት ነው፤ ባለቤቱም በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ በባንክ አካውንት መግባት ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ከውጭ ቢሮዎች የመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሲሠሩ የተሰጣቸው የዊንዶውስ ፈቃድ ማዘርቦርዳቸው ላይ ስላለ፣ ንጹሕ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት አውርዶ በፈቃዱ ዓይነት ልክ፣ ሆም ወይም ፕሮ ብሎ ቢጭኑት ያለ አንዳች ክራክ ራሱን ያነቃል። መደብሩ ለድርጅቶች የተዘጋጀውን የኮርፖሬት እትም ጭኖ በክራክ የሚሸጠው ይህ ጠፍቶት ሳይሆን ቶሎ ስለሚያልቅለት ነው።

ዊንዶውስ 11 ለ8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ላሉት ላፕቶፖች፣ በተለይም 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ካላቸው፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ችግሩ የዳታ ጠባዩ ነው። ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን የደኅንነት አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው። ይህም ሰው ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ላፕቶፑን የሚከፍትበት፣ ኔትወርኩም የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። አፕዴቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ይመዝናል፣ ሳይጠይቅም መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ዊንዶውስን እንደጫነ የመጀመሪያ ሥራው ወደ ኔትወርክ ቅንብር ገብቶ ያንን ዋይፋይ ሚተርድ ኮኔክሽን (በልክ የሚከፈልበት መስመር) ብሎ መመዝገብ ይሁን፤ ያን ጊዜ አብዛኛው አፕዴት ሰፋ ያለ መስመር እስኪገኝ ይቆያል። ምዝገባው ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻ ስለሆነ የወንድምዎን ስልክ ሲጠቀሙ እንደገና ማድረግ ያስፈልጋል። አፕዴቱን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የማጋራት ልማዱንም፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ከሚለው ሥር፣ መዝጋት አይርሱ። ሌላው የሚያስቸግረው፣ የሆም እትም ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ መብራት ባለበት ቀን ኔትወርክ ከጠፋ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ሊኑክስ ሚንት በዳታ ረገድ ጨዋ ነው። አፕዴት መኖሩን ይናገራል እንጂ ካልታዘዘ አያወርድም፤ ራሱን በራሱ እንዲያድስ የሚያደርገው ቅንብር ሲጫን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። የሚወርደው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን ተዘርዝሮ ስለሚታይ፣ በወሩ መጨረሻ ፓኬጅ ሲያጥር የብሮውዘሩን ብቻ ወስዶ የቀረውን ማቆየት ይቻላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የወጣው የሚንት 22 ትውልድ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ድጋፍ አለው። የሚጠይቀው 2 ጊጋ ራም ነው ቢባልም ለኑሮ 4 ጊጋ ይሻላል፤ ራሙ 4 ጊጋ ለሆነ ላፕቶፕ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው እትም፣ 8 ጊጋ ላለው ደግሞ ሲናሞን የተባለው ይስማማል።

ሚንት ዳታ አይበላም ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ግን ከእውነት መራቅ ነው። ፕሮግራም ማውጫው ውስጥ አንዱ ፕሮግራም በሁለት ዓይነት ሊቀርብ ይችላል፤ አንደኛው የሲስተሙ ጥቅል ሲሆን ሁለተኛው ፍላትፓክ ይባላል። ፍላትፓክ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ሊያስወርድ ይችላል፤ ውስን ዳታ ያለው ሰው የሲስተሙን ጥቅል ይምረጥ። እንደ ዋይፋይ ካርድ ላሉ መሣሪያዎች የሚያገለግለው የፈርምዌር ጥቅልም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ስለሚመዝን፣ እርሱና ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሲታደሱ ሰፊ መስመር ያለበትን ቀን መጠበቅ ነው። ለሊኑክስ አዲስ የሆነ ሰው ኡቡንቱን ትቶ ሚንትን እንዲወስድ የምመክረውም በከፊል ለዚሁ ነው፤ ኡቡንቱ ስናፕ በተባለው የራሱ ጥቅል ብሮውዘሩን ሳይቀር ያቀርባል፣ እነዚህም ራሳቸውን ከበስተጀርባ የማደስ ልማድ አላቸው።

ክሮም ኦኤስ ፍሌክስን አንሥቶ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው፣ በነጻ የሚሰጥና በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚፈጥን ነው። ነገር ግን ሥራው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ለሳምንታት በሚዘጋበት አገር ለዋና ኮምፒውተርነት አይሆንም።

አማርኛ መጻፍ

ብዙዎች ከዊንዶውስ ለመውጣት የሚፈሩት በአማርኛው ምክንያት ነው፤ ሆኖም ፍርሃቱ ካለፈው ዘመን የተረፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ማይክሮሶፍትም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ጨምሮ አማርኛን ተቀብሏል። በሚንት ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤልም ሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛሉ። ለመጻፊያ ኪይማን የተባለው ፕሮግራም ለዊንዶውስም ለሊኑክስም በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ የላቲን ፊደል እየነኩ በድምፅ ለመጻፍ የለመደ ሰው ሲስተሙን ቢቀይርም ጣቱ የለመደውን አይቀይርም። ኪይማንን ማውረድ ያልፈለገ ሰው በሚንት ላይ አይባስ በተባለው የመጻፊያ መቆጣጠሪያ በኩል ተመሳሳይ የአማርኛ ኪቦርድ ያገኛል።

እውነተኛው ችግር ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉት ፋይሎች ናቸው። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ አማርኛ የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትና ምልክቶችን ሲሆን፣ ፎንቱ ብቻ ነው ፊደል አስመስሎ የሚያሳየው። ስለዚህ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል፣ በሚንት ላይ ብቻ ሳይሆን በአዲስ ዊንዶውስም ላይ እንዲሁ። መድኃኒቱ የድሮውን ፎንት ፋይል ገልብጦ ሚንት ላይ መጫን ነው፤ በሁለት ጠቅታ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ሰነዱም እንደ ቀድሞው ይነበባል። በዘላቂነት ግን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ አንድን ስም ፈልግ ቢሉት አያገኘውም።

በሁለቱ ሲስተሞች መካከል ሰነድ ሲመላለስ የሚያጋጥመው ሌላ ነገር የገጽ መዛባት ነው። በኒያላ የተጻፈ የሦስት ገጽ ደብዳቤ ኒያላ በሌለበት ሚንት ላይ እንደ አቢሲኒካ ባለ ሌላ ፎንት ተተክቶ ይከፈታል፤ የፊደላቱ ስፋት ስለማይመጣጠን አራተኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመርና ፊርማ ብቻ ይቀራሉ። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ኖቶን ጭኖ በእርሱ መጻፍ ይህን ያስቀራል። ለመታተም ብቻ የሚሄድ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ነው።

ሥራው የሚወስነው

የሂሳብ ባለሙያ ከሆኑና ፒችትሪ የሚጠቀሙ ከሆነ እስካሁን ያነበቡትን የሚንት ምስጋና ይርሱት። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ወይን (Wine) በተባለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስነሣው ፕሮግራም በኩል ለማስኬድ የሚደረገው ሙከራ የደንበኛ ሂሳብ በሚያዝበት ኮምፒውተር ላይ የሚሞከር አይደለም። አውቶካድና ኢታብስ የሚጠቀም መሐንዲስም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ምርጫው ባለ 8ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ገዝቶ ዊንዶውስ 11 መጫን ነው፣ በቃ።

ጽሑፍ የሚጽፍ፣ የሚያስተምር፣ ኢሜይልና ብሮውዘር የሚጠቀም ሰው ግን ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ይበቃዋል። የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ በዎርድም የሚከፈት ፋይል ያወጣል፤ ተራ ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። የሚያስቸግረው ውስብስብ ሠንጠረዥና የመሥሪያ ቤት አርማ ያለበት ደብዳቤ ላይ ነው፤ ራስጌው ወደ ታች ይንሸራተታል፣ የሠንጠረዡም ዓምድ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ረቂቅ ከባልደረቦቹ ጋር በቀን ብዙ ጊዜ የሚለዋወጥና ማስተካከያ በሰነዱ ላይ እየተከታተለ የሚሠራ ሰው ከዎርድ ባይወጣ ይሻለዋል። ኦፊስ 2016 እና 2019ም ድጋፋቸው ከዊንዶውስ 10 ጋር በአንድ ቀን መቋረጡን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚመላለሱ ሰዎች ሚንት አንድ ጥሩ ነገር አለው። ከማተሚያ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያላቸው ሾርትከት ሆነው መገኘታቸው ለማንም አዲስ አይደለም፤ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው በቦታቸው ራሱን አስቀምጦ ነው። እነዚህ ቫይረሶች ለዊንዶውስ የተጻፉ ስለሆኑ ሚንት ላይ አይነሡም፤ የተደበቁትንም ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ትእዛዝ እንዳሉ ያሳያቸዋል። ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው እንኳ ሚንት የተጫነበት አንድ ፍላሽ ለዚህ ሥራ ቢያስቀምጥ አይጎዳም።

ፕሪንተርን በተመለከተ፣ የኤችፒ ፕሪንተሮች በሚንት ላይ በአመዛኙ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ እንደ ሌዘርጄት 1020 ያሉት የቆዩት ግን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ያስወርዳሉ። የካነን ከሆነ ለሞዴሉ የተሠራ የሊኑክስ ድራይቨር መኖሩን ሲስተሙን ከመቀየር በፊት ማረጋገጥ ነው።

ከመጫኑ በፊት

ላፕቶፑ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ የትኛውም ሲስተም አያድነውም፤ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይግባለት። ይህን ያደረገ ሰው ላፕቶፑ ሲነሣ የሚያየው ለውጥ ከየትኛውም ሲስተም ለውጥ ይበልጣል። 256 ጊጋ የሚይዝ ከሆነ ዊንዶውስንና ሚንትን ጎን ለጎን ለመጫንም ይበቃል፤ ያን ጊዜ ዊንዶውሱን አስቀድሞ፣ ሚንቱን አስከትሎ መጫን ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዊንዶውስ የሚንትን መነሻ ሊሸፍነው ይችላልና።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይሞከራል። መጫኛውን ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በተባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ያድርጉና ላፕቶፑን ከእርሱ አስነሥተው አራት ነገር ይፈትሹ፦ ዋይፋዩ መያያዙን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑ ብርሃን በቁልፎቹ መጨመርና መቀነሱን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት በሥርዓት መነሣቱን። የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ያላቸው ብዙም አያስቸግሩም፤ ብሮድኮም ያላቸው ግን ድራይቨሩን ለማውረድ ስልኩን በኬብል አያይዞ ዳታ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። የወረደውን ፋይል ሙሉነት ሻ 256 (SHA-256) በተባለው መለያ ቁጥሩ ማመሳከርም የግድ ነው፤ በተቆራረጠ መስመር የወረደ ፋይል ጎድሎ መጫን መሃል ላይ ሲቆም ጥፋቱ የሚንት ይመስላል። አንድ ጊዜ በትክክል የወረደውን ለጓደኛ በፍላሽ መስጠት በሊኑክስ ሕጋዊ ነው፤ በአንድ ቢሮ ያሉ ሰዎች አንዱ ባለ ፋይበር እንዲያወርድላቸው ቢያደርጉ የሁሉም ፓኬጅ ይተርፋል።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ላፕቶፕ ምን ዓይነት ላምጣላችሁ ሲል አዲስና ርካሽ ከሚባለው ይልቅ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይዘዙ፤ ባለ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበሏቸው። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆን ያሳስቡ፣ የተበየደ ራም በኋላ አይጨመርበትምና። ከመክፈላቸው በፊትም ላፕቶፑ የባዮስ የይለፍ ቃል እንደሌለበትና ከቀድሞው መሥሪያ ቤት መቆጣጠሪያ የተፈታ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁት፤ ያልተፈታ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ሲጫንበት የቀድሞውን ድርጅት አካውንት ይጠይቃል፣ የባዮስ ቃሉም እዚህ ለማስከፈት ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ቀላል የማይባል ገንዘብ ያስጨምራል።